ክሪክ፦ የከባድ ጭነት ማንሻ መሣሪያ አሠራርና ደኅንነቱ የተጠበቀ አጠቃቀም

ክሪክ አንድ ሰው በጉልበቱ ብቻ ሊያነሣው የማይችለውን ከባድ ነገር ከሥሩ እየገፋ በአጭር ርቀት ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከክሬን የሚለየው ክሬን ጭነትን ከላይ ሆኖ ሲስብ ክሪክ ግን መሬት ላይ ተደግፎ ከታች የሚገፋ በመሆኑ ነው። ስለዚህም የክሪክ ሥራ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ እነዚህም ክሪኩ የቆመበት መሬት፣ ክሪኩ ራሱና ጭነቱን የሚነካበት ነጥብ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተናጋ ጭነቱ ይወድቃል።

ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ነው። እንደ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬና ጎሚስታ ሁሉ ከመኪና ጋር አብሮ የመጣ የጋራዥ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ በአገራችን ማንኛውም አሽከርካሪና ረዳት የሚያውቀው ስም ሆኗል። የመሣሪያው ስም የታወቀውን ያህል ግን የአጠቃቀም ሥርዓቱ አልታወቀም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክሪክን ዓይነቶችና አሠራር ማስረዳት፣ እንዲሁም በሰሜን ወሎ ዞን በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ የሚሠሩ አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ ጎሚስታዎችና የጋራዥ ሠራተኞች ሊከተሉት የሚገባውን የጥንቃቄ ሥርዓት ማሳወቅ ነው። የጽሑፉ ዋና መልእክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፦ ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም።

ክሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል። ከወልድያ አንደኛው መንገድ ወደ ቆቦና አላማጣ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ ይወጣል፤ ሦስተኛው በሐራ በኩል ወደ አፋር ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ወልድያ የብዙ መንገዶች መገናኛ ስትሆን፣ ከእርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ የጭነት መኪኖች፣ የአውቶቡሶችና የሚኒባሶች መተላለፊያና ማረፊያ ናት። ከወረዳው ቀበሌዎች ጤፍ፣ ማሽላ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጭነው ወደ ገበያ የሚወጡ አይሱዙዎችና ጋሪዎች፣ በከተማው ውስጥ የሚመላለሱ ባጃጆች፣ በሜዳው የሚያርሱ ትራክተሮች ሁሉ አንድ ቀን ክሪክ መፈለጋቸው አይቀርም።

የአካባቢው መልክዓ ምድር የክሪክን ሥራ በሦስት መንገድ ያከብደዋል። አንደኛው ዳገትና ቁልቁለት ነው። መንገዱ በተራራው ግርጌ እየታጠፈ ስለሚሄድ ጎማ የሚፈነዳው ሁልጊዜ ሜዳ ላይ አይደለም። ሁለተኛው አፈር ነው። በሜዳማው ክፍል የሚገኘው የዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ይላላል፤ ከአስፋልቱ ዳር የወጣ መኪና ሥር የተተከለ ክሪክም ጭነቱን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ወደ መሬት ይሰምጣል። ሦስተኛው ሙቀት ነው። በቆላው ክፍል በቀትር የጋለ አስፋልት በጠባብ የክሪክ መቀመጫ ሥር ሊለሰልስና ክሪኩን ሊያዘነብል ይችላል።

የክሪክ ሥራ በመንገድ ላይ ብቻ የተወሰነም አይደለም። የወፍጮ ቤት ሞተር ከመሠረቱ ሲነሣ፣ የውኃ ታንከር ሲስተካከል፣ በድልድይ ምሰሶና በድልድይ አካል መካከል ያለው መደገፊያ ሲቀየር፣ የባቡር ሐዲድ ከፍ ተደርጎ ጠጠር ሲሞላበት ሥራው በክሪክ ይከናወናል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውን የመሰለ የባቡር መስመር በሚጠገንበት ጊዜም የሐዲድ ማንሻ ክሪክ ከመሠረታዊ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ጥቂት ስለ ታሪኩ

ክሪክ ባልነበረበት ዘመን ከባድ ነገር የሚንቀሳቀሰው በሰው ብዛት ነበር። ለዚህ የቅርብ ምስክር የሚሆነው ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ የተወሰደው መንገድ እየተጠረገለት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ጉዞውም ወራት ፈጅቷል። ዛሬ የተጫነ የጭነት መኪና አንድ የኋላ አክስል ከዚያ መድፍ የሚበልጥ ክብደት ሊሸከም ይችላል፤ ያንን አክስል ግን አንድ ረዳት በአንድ እጁ ከመሬት ያነሣዋል።

ይህን ያስቻለው ዕውቀት በደረጃ የዳበረ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ጫና በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ አስረዳ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚህ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1795 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ሪቻርድ ደጀን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 በኒው ዮርክ ተንቀሳቃሽ የሃይድሮሊክ ክሪክ በስሙ አስመዘገበ። በዛሬ መኪኖች መቀመጫ ሥር የሚገኘው የሃይድሮሊክ ክሪክ የዚያ መሣሪያ ዘር ነው።

የክሪክ ዓይነቶችና አሠራራቸው

በአገራችን በብዛት የሚታዩት ክሪኮች በሦስት ይከፈላሉ።

1. ባለ ብሎን ክሪክ

ይህ ክሪክ የሚሠራው በወፍራም ጥምዝ ብሎን ነው። መዞሪያው አንድ ዙር ሲዞር ብሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ለምሳሌ የመዞሪያው ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የእጅ መያዣው ጫፍ በአንድ ዙር 251 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጭነቱ ግን የሚነሣው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው እንበል። እጅ የሚሄደው ርቀት ጭነቱ ከሚሄደው ከ400 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ትንሽ ኃይል ብዙ ክብደት ያነሣል። በቤት መኪኖች ውስጥ የሚቀመጠው እንደ መቀስ የሚታጠፈው ክሪክም የዚህ ወገን ነው።

በባለ ብሎን ክሪክ ከእጅ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰበቃ ይባክናል። ይህ ብክነት ግን ጥቅም አለው። መዞሪያው ሲለቀቅ ጭነቱ ብሎኑን ወደ ኋላ አዙሮ እንዳይወርድ የሚይዘው ያው ሰበቃ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ባለ ብሎን ክሪክ በራሱ ቀስ እያለ አይወርድም። አደጋው የሚመጣው ጥርሱ ሲበላ፣ አካሉ ሲጣመም ወይም ከጎን ሲገፋ ነው።

2. የሃይድሮሊክ ክሪክ

ጠርሙስ የሚመስለው የጭነት መኪና ክሪክና በጎማ እየተገፋ የሚሄደው የጋራዥ ክሪክ በዘይት የሚሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም። የቀጭኑ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር፣ የወፍራሙ 48 ሚሊ ሜትር ቢሆን የገጻቸው ስፋት በ16 እጥፍ ይለያያል። የእጅ ማንሻው እንደ መፈንቅል ሆኖ ኃይሉን በ12 ቢያበዛው፣ በድምሩ 16 በ12 ሲባዛ 192 እጥፍ ይሆናል። በእጅ 25 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ቢደረግ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ 4800 ኪሎ ግራም ማንሣት ይቻላል ማለት ነው። ዋጋው ግን ርቀት ነው፤ ጭነቱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል እጅ 192 ሳንቲ ሜትር መመላለስ አለበት።

የሃይድሮሊክ ክሪክን ጭነት ከመሬት በላይ አንጠልጥሎ የሚያቆየው በውስጡ የታሰረው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያስረው ደግሞ አንዲት ትንሽ ቫልቭና አንድ ጎሚኒ ነው። ቫልቩ ላይ ቅንጣት አሸዋ ቢቀመጥ፣ ጎሚኒው ቢሰነጠቅ ወይም መልቀቂያው በሚገባ ባይዘጋ ጭነቱ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ በማይታይ ፍጥነት ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ጊዜም በቅጽበት ይሆናል። ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ሕይወት በአውራ ጣት በማትበልጥ የጎማ ቀለበት ላይ እንዲንጠለጠል መፍቀድ አይገባም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ክሪክ ሌላው ጠባይ ቀጥ ብሎ እንዲሠራ መሠራቱ ነው። ብዙዎቹ አጋድመው ቢጠቀሙባቸው አየር ስለሚስቡ አያነሡም።

3. ባለ ጥርስ ክሪክ

ይህ ረጅም የብረት ዘንግና በዘንጉ ላይ በጥርስ ወይም በቀዳዳ እየተያዘ የሚወጣ ማንሻ ያለው ነው። ለትራክተር፣ በጭቃ ለተያዘ መኪናና ለባቡር ሐዲድ ይጠቅማል። ከፍ ብሎ ማንሣት ቢችልም መቀመጫው ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይጋደማል። ጭነት ላይ እያለ የእጅ ማንሻው ከተለቀቀ በኃይል ተመልሶ ፊትንና መንጋጋን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የሚሠራው ሰው ጭንቅላቱን ከማንሻው መንገድ ውጭ ማድረግና ማንሻውን እስኪቆልፍ ድረስ አለመልቀቅ ይኖርበታል።

ትክክለኛውን ክሪክ መምረጥ

በእያንዳንዱ ክሪክ ላይ የሚያነሣው ከፍተኛ ክብደት በቶን ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉ የጠፋበት ወይም የማይታወቅ ክሪክ ለከባድ ጭነት መዋል የለበትም። ባጃጅ ባዶውን ከግማሽ ቶን አይበልጥም፤ በአንጻሩ የተጫነ የጭነት መኪና የኋላ አክስል 10 ቶን ሊደርስ ስለሚችል በአንድ ወገን ብቻ 5 ቶን ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለው መኪና በትክክል 5 ቶን የሚያነሣ ክሪክ መያዝ በቂ አይደለም፤ መኪናው ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ከሚጠበቀው ጭነት እጥፍ ያህል አቅም ያለው ክሪክ መምረጥ ብልኅነት ነው።

የከፍታ ጉዳይም ይታያል። ጎማው የተነፈሰ መኪና ዝቅ ስለሚል ክሪኩ ተጨፍልቆ ከአክስሉ ሥር መግባት አለበት፤ ተነሥቶም በአየር የተሞላውን አዲስ ጎማ ለማስገባት የሚበቃ ርቀት ማግኘት አለበት። ርቀት ሲያንስ ብዙዎች በክሪኩ ራስ ላይ ድንጋይ ወይም ብረት ይደራርባሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው፤ የሚነባበር ነገር ሁሉ የሚንሸራተትበት አዲስ ገጽ ይጨምራል። ከፍታ ከጎደለ የሚጨመረው ከክሪኩ ሥር፣ ሰፊና ጠፍጣፋ በሆነ ጠንካራ እንጨት ነው።

መሬትና ዳገት፦ ሁለት ቀላል ስሌቶች

የክሪክ መቀመጫ 10 በ12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 120 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 3 ቶን ሲጫንበት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ግራም ያርፋል፤ እርጥብ የዋልካ አፈር ይህን ፈጽሞ አይችልም። ከሥሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢደረግ ግን ስፋቱ 1600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ጫናው ወደ 2 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። አንድ ጣውላ ልዩነቱን ከ10 እጥፍ በላይ ያሻሽለዋል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና ሁሉ ከክሪኩ ጋር እንዲህ ያለ ጣውላ ይዞ መጓዝ አለበት። አፈሩ በዝናብ የራሰ ከሆነ ግን ጣውላውም ስለማይበቃ፣ ጎማው ቢጎዳ እንኳ መኪናውን ቀስ ብሎ ወደ ጠንካራ መሬት ማውጣት ይመረጣል። የጎማ ዋጋ ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

ሁለተኛው ስሌት የዳገት ነው። በ100 ሜትር ርቀት 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የቆመ 8 ቶን የሚመዝን መኪና በ480 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ታች ይገፋል። መኪናው በጎማዎቹ ላይ እያለ ይህን ኃይል ፍሬኑ ይይዘዋል። አንድ ጎማ ሲነሣ ግን ከሚይዙት አንዱ ይቀነሳል፤ መኪናው ጥቂት ቢንቀሳቀስ ክሪኩ ይጋደማል።

በተለይ ሊታወቅ የሚገባው የእጅ ፍሬን ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ቀላል የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን የሚሽከረከር ዘንግ ነው። እንዲህ ባለ መኪና አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲለቅ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲዞር ይፈቅዳል። ዘንጉ ተይዞ እያለ መኪናው ይንከባለላል ማለት ነው። ማርሽ አስገብቶ ማቆምም ይህን አይከለክልም። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ» ብሎ ያለ ታኮ ክሪክ መትከል ለብዙ አደጋ በር የሚከፍተው ለዚህ ነው። መኪናን በትክክል የሚያቆመው በጎማዎቹ ፊትና ኋላ የሚገባ ታኮ ነው።

ጎማ ሲቀየር ሊከተሉት የሚገባ ቅደም ተከተል

1. መኪናውን ከመንገዱ በተቻለ መጠን አውጥቶ በጠንካራና በተስተካከለ መሬት ላይ ማቆም። ከመጠምዘዣ ወይም ከዳገት አናት በታች ሌላ አሽከርካሪ በድንገት በሚደርስበት ስፍራ አለመቆም።

2. የአደጋ መብራት ማብራት፤ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ከፊትም ከኋላም ከሩቅ በሚታይ ርቀት ማስቀመጥ። መጠምዘዣ ካለ ምልክቱ ከመጠምዘዣው በፊት ይቀመጣል።

3. ተሳፋሪዎችን በሙሉ ማውረድና ከመንገዱ ውጭ፣ መኪናው ሊወርድበት ከሚችለው አቅጣጫ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ማድረግ። ለመርዳትም ሆነ ለማየት የሚሰበሰቡ ልጆችን ማራቅ።

4. የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ከዚያም በማይነሡት ጎማዎች ላይ በቁልቁለቱ በኩል ታኮ ማስገባት። ክብ የወንዝ ድንጋይ ይንከባለላል፤ ታኮ ተዳፋት ያለውና ጎማውን አቅፎ የሚይዝ መሆን አለበት።

5. ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን ማላላት። ከተነሣ በኋላ በኃይል መታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይነቀንቀዋል። ጥንድ ጎማ ባላቸውና ቸርኬያቸው በቀለበት በሚገጠም መኪኖች ግን ብሎን ከመነካቱ በፊት የሚወጣው ጎማ አየር ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ በጥንዱ በኩል ሁለቱም ጎማዎች አየራቸው ይለቀቃል። በአየር የተሞላ ጎማ ላይ የተፈናቀለ ቀለበት እንደ ጥይት ይወረወራል።

6. ጣውላውን አንጥፎ ክሪኩን መሐሉ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል። የሚነካው ነጥብ አምራቹ የወሰነው መሆን አለበት፤ በጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ ይህ ከጎማው አጠገብ ያለው የአክስል ክፍል ነው። ዘይት የነካውን ገጽ መጥረግ ያስፈልጋል።

7. ቀስ በቀስ ማንሣት፤ በየጥቂቱ ቆሞ ክሪኩ መጋደሙንና መስመጡን ማየት። ያዘነበለ ክሪክ በመዶሻ ወይም በእግር አይስተካከልም፤ ጭነቱ ወርዶ እንደገና ይተከላል።

8. ጎማው ከመሬት እንደለቀቀ ከሻንሲው ወይም ከአክስሉ ሥር የብረት መደገፊያ ማቆም። መንገድ ላይ መደገፊያ ከሌለ ስኮርታውን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሞ ማስገባት፤ የተበላሸው ሲወጣ ደግሞ እርሱን በስኮርታው ምትክ ማስገባት ይቻላል። ክሪኩ ቢከዳ ሻንሲው በጎማው ላይ ያርፋል እንጂ እስከ መሬት አይወርድም።

9. ብሎኖቹን ትይዩ በሆነ ቅደም ተከተል ማሰር፣ መኪናውን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በሙሉ ኃይል ማጥበቅ። የሃይድሮሊክ ክሪክ መልቀቂያ በጥቂቱ ብቻ ይከፈታል።

10. ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ። ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ አሽከርካሪ ደሴ ሲገባ ይህን ሳያደርግ ወደ ፊት መቀጠል የለበትም።

11. ስፍራውን ማጽዳት። ለታኮነትም ሆነ ለምልክትነት ያገለገለ ድንጋይና ቅጠል በሙሉ ከመንገዱ ይነሣል። ጎማ ቀይሮ የሄደ መኪና የተወው ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ሞት ሊሆን ይችላል። የራስን ችግር ፈትቶ ለሌላው ማኖር ከሕግም ከሥነ ምግባርም ውጭ ነው።

ከመኪና ሥር መግባት የሚፈቀደው መቼ ነው?

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንኛውም የሰውነት ክፍል መግባት የለበትም። ባሌስትራ ለማሰር፣ የፍሬን ጎሚኒ ለመቀየር ወይም ዘይት ለማፍሰስ ሥራው ከመኪና ሥር የሚጠይቅ ከሆነ ሁለት መደገፊያዎች ይቆማሉ፤ ክብደቱ ከክሪኩ ወደ መደገፊያዎቹ ይተላለፋል፤ ከዚያም መኪናው ከጎን በእጅ ተገፍቶ መርጋቱ ይረጋገጣል። ክሪኩ በቦታው ይቆያል፤ ግን እንደ ሁለተኛ ጥበቃ እንጂ እንደ ተሸካሚ አይቆጠርም።

የብረት መደገፊያ በሌለበት ጋራዥ አራት ማዕዘን ሆነው የተሰነጠቁ የባሕር ዛፍ እንጨቶችን ሁለት ሁለቱን በመስቀልያ እየደረደሩ መጠቀም ይቻላል። የድርድሩ ከፍታ ከመቀመጫው ስፋት ብዙ መብለጥ የለበትም። ድንጋይ፣ ሸክላና የሲሚንቶ ብሎኬት ግን ለመደገፊያነት አይሆኑም። ጭነት በአንድ ነጥብ ሲያርፍባቸው ያለ ምንም ምልክት ይፈረካከሳሉ፤ እንጨት ግን ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ ይጨፈለቃል፣ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል።

ከአንድ በላይ ክሪክ ሲያስፈልግ

እንደ ወፍጮ ሞተር፣ ታንከር ወይም የድልድይ አካል ያሉ ሰፊ ጭነቶች በአንድ ክሪክ አይነሡም። በብዙ ክሪኮች ሲነሡም ሁሉም እኩል ከፍ ማለት አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ የሌሎቹን ድርሻ ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ማንሻ በተቆጠረ ቁጥር ይመታል፤ ጭነቱ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥርም ከሥሩ እንጨት ይገባል። የሥራው ደንብ «ጥቂት አንሣ፣ ወዲያው ደግፍ» የሚል ነው። በድልድይ ሥራ ይህ በአንድ ማዕከል በሚቆጣጠሩ የሃይድሮሊክ ክሪኮች የሚከናወን ሲሆን፣ መከናወን ያለበትም በመሐንዲስ መሪነት ብቻ ነው።

ይኸው ደንብ በመኪና ሥር የተያዘን ሰው ለማውጣትም ያገለግላል። በመጀመሪያ የተጎዳውን መጎተት ሳይሆን መኪናው ከዚህ በላይ እንዳይወርድ በታኮና በእንጨት ማርጋት ይቀድማል። ከዚያም በሌላ ጤነኛ ክሪክ ቀስ እያሉ ማንሣትና በየደረጃው መደገፍ ይገባል። በተመሳሳይ ጊዜ አንድ ሰው ለእርዳታ ይደውላል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ብዙ ሰው ተረባርቦ መኪናን በእጅ ለመገልበጥ መሞከር ተጎጂውንም ረዳቶቹንም ለሌላ አደጋ ይዳርጋል።

የክሪክ እንክብካቤ

ክሪክ የሚታወሰው ጎማ ሲፈነዳ ብቻ ከሆነ በሚፈለግበት ሰዓት ይከዳል። የሃይድሮሊክ ክሪክ ቀጥ ብሎ፣ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከአቧራና ከውኃ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። የሚጨመርበት የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ነው፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ያበላሻል። ባለ ብሎን ክሪክ ጥርሱ ከአሸዋ ይጸዳል፣ ግሪስ ይቀባል። ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ አካሉ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ክሪክ እስኪጠገን ድረስ ከሥራ ይወገዳል። በብየዳ የተቀጠለ ክሪክም አቅሙ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ለሥራ አይውልም።

ቀላል ፈተና አለ። ባለቤቱ በሜዳ ላይ፣ ታኮ አስገብቶና መደገፊያ አቁሞ፣ መኪናውን በጥቂቱ ያነሣል፤ የጎማውን ከፍታ ለክቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ እንደገናም ይለካል። ከፍታው ከቀነሰ ክሪኩ ጥገና ይፈልጋል።

የአሠሪውና የሠራተኛው ኃላፊነት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋ የማስረዳትና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀምና የደኅንነት መመሪያን የማክበር ግዴታ አለበት። ይህ በጎሚስታና በጋራዥ ሥራ ሲተረጎም፣ ባለቤቱ ከክሪክ ጋር መደገፊያና ታኮ ይገዛል፤ አዲስ የመጣ ወጣት ከመኪና ሥር እንዲገባ ከመታዘዙ በፊት ሥርዓቱን ይማራል፤ ሠራተኛውም ያልተደገፈ መኪና ሥር እንዲገባ ሲጠየቅ መደገፊያ የመጠየቅ መብቱን ይጠቀማል ማለት ነው። የመኪና ባለንብረትም ለአሽከርካሪውና ለረዳቱ ጤነኛ ክሪክ፣ ጣውላ፣ ሁለት ታኮና የማስጠንቀቂያ ምልክት ሳያሟላ መኪናውን ለጉዞ ማሰማራት የለበትም።

በብዙ መኪኖች ከመኪና ሥር የሚገባው ከሁሉ የሚያንሰው፣ ከሁሉም ያነሰ ልምድ ያለው ረዳቱ ነው። ጭነቱን ለሰዓቱ ለማድረስ የሚደረገው ጥድፊያም በእርሱ ላይ ያርፋል። ታኮ ለማስገባትና ስኮርታውን ከሻንሲው ሥር ለማስተኛት የሚወስደው ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ዳር ጎማ የሚቀይር ሁሉ እነዚህን ደቂቃዎች ከሥራው እንደ አንዱ ክፍል ሊቆጥራቸው ይገባል፤ ክሪኩ የማንሣት ድርሻውን ይወጣል፣ የመሸከሙ ድርሻ ግን የመደገፊያው ነው።